ከአባይ ደለል እስከ ባሕር አልጌ

አቅራቢ፦ በጁባ የምትገኙ አድማጮቻችን! በከተማችሁ የሚያልፈው ነጭ አባይ ካርቱም ላይ ከጥቁር አባይ ጋር ተገናኝቶ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ቀድሞ የክረምቱ ሙላት፣ በተለይም ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበው አፈር፣ ፎስፌትና ሲሊካ ይዞ ባሕር ይገባ ነበር። በዚህ ዲያቶም የተባሉት፣ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይራባሉ፤ የሰርዲን ዓሣም በእነሱ ይፋፋል። የአስዋን ግድብ ሙላቱን ሲገታ ግን በ1962 እ.ኤ.አ. 18 ሺህ ቶን ገደማ የነበረው የግብፅ የሰርዲን ምርት በ1968 ከ1 ሺህ ቶን በታች ወረደ።

ጉዳዩ ከዓሣም ያልፋል። በምድር ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ አንድ አምስተኛ ያህሉ የእነዚህ ደቂቅ አልጌዎች ሥራ ነው። ከአየር የሳቡትን ካርቦን ከፊሉን፣ ሲሞቱ ይዘውት ወደ ጥልቁ ባሕር ይሰምጣሉ፤ የምድርን ሙቀትም ያረግባሉ። በወንዛችን ላይ የምናደርገው ሁሉ እስከ ባሕርና አየር ይደርሳልና፣ እንጠንቀቅለት።