አማካይ ብቻውን ምስክር ይሆናልን?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከሐይቅና ከአምባሰል የመጡ ተማሪዎች ያቀረቡት ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው በአንድ ጠብ ምክንያት ነው፤ ጠቡም የራሳችን ነው። እኛ ከሐይቅና ከአምባሰል የመጣን ተማሪዎች ለክረምት ዕረፍት ወደ አገራችን ስንመለስ የእግር ኳስ ግጥሚያ እናዘጋጃለን። ኳሱም መረቡም፣ የዳኛው ፊሽካ ሳይቀር፣ በመዋጮ የሚገዛ ስለ ሆነ ለሦስት ሜዳ አይበቃም፤ ስለዚህ አንዱ ዋና ሜዳ መሆን አለበት። የትኛው ይሁን? የሐይቅ ልጅ «ሐይቅ» ይላል። የውጫሌ ልጅ «ውጫሌ» ይላል። ከአምባሰል ደጋ የመጣው ጓዳችን ደግሞ «ቁልቁለት ወርደን ዳገት የምንወጣው ሁልጊዜ እኛው ብቻ ነን ወይ?» ይላል።

በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ «ክርክሩን ትተን በእያንዳንዱ ሜዳ ለአንድ ግጥሚያ በአማካይ ስንት ተመልካች እንደሚወጣ እንይ፤ የበለጠው ይመረጥ» አለ። ነገሩ ያለቀ መስሎን ሁላችንም ደስ አለን፤ ማመልከቻውንም መጻፍ ጀመርን። ነገር ግን በማመልከቻው ውስጥ «የደጋው ሕዝብ ለስፖርት ያለው ፍቅር አነስተኛ ስለ ሆነ» የምትል አንዲት ሐረግ ገባች። የደጋው ጓዳችን ይህችን ባነበበ ጊዜ ብዕሩን አስቀምጦ ወጣ። እኛም ያን ዕለት ማታ በመካከላችን የስታቲስቲክስ ትምህርት የወሰዱትን ይዘን፣ ያች ሐረግ ከሦስት አማካዮች ልትወጣ ትችላለች ወይስ አትችልም ብለን ስንመረምር አመሸን። ያገኘነውን ነው የምናቀርብላችሁ።

በሰሌዳው ላይ የጻፍነው ቍጥር ለማስረዳት ያህል ያሰናዳነው መሆኑን አስቀድመን እንናገራለን፤ የማንም ሜዳ ቈጠራ አይደለም፤ የማንንም አገር ስም ለማንሣት ወይም ለመጣል አይጠቀስብን። በየሜዳው አራት አራት ግጥሚያ ተደረገ እንበል። በሐይቅ የተገኘው ተመልካች 180፣ 220፣ 160 እና 640 ይሁን። በውጫሌ 240፣ 260፣ 230 እና 270። በደጋው ሜዳ 190፣ 210፣ 180 እና 220። አማካዩ ሲወጣ ሐይቅ 300፣ ውጫሌ 250፣ ደጋው 200 ይሆናል። ማመልከቻችን የቆመው በእንዲህ ያለ ስሌት ላይ ነበር፤ ሐይቅ አንደኛ፣ ደጋው መጨረሻ!

አሁን ግን ከሐይቅ ቍጥር ውስጥ 640ን በጣታችሁ ሸፍኑልን። የቀሩት የሦስቱ አማካይ 187 እንኳ አይሞላም፤ ሐይቅ ከአንደኛነት ወርዶ ከደጋው በታች ሆነ። አንድ ቀን ብቻ፣ ምናልባት የዋንጫው ዕለት ወይም ገበያ የዋለበት ዕለት፣ የአንድን አገር ሕዝብ ከስፖርት ወዳድነት ወደ ስፖርት ጠልነት ሊያወርደው ቻለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ምስክር በዳኛ ፊት ቢቀርብ ማን ይቀበለዋል?

መድኃኒቱ ከእርሻ የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 ሮታምስቴድ በተባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሥራ ያዘ። በጣቢያው ማዳበሪያ በየዓይነቱ በልዩ ልዩ መደብ እየተደረገ ምርቱ ለብዙ ዘመን ሲመዘገብ ኖሯል። ችግሩ ግን ያው የእኛው ችግር ነበር። ይህ መደብ ከዚያኛው የበለጠ ቢያፈራ ከማዳበሪያው ነው ወይስ መሬቱ ራሱ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ስለሚለያይ ነው? የወሎ ገበሬ ልጅ ለሆነ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአንድ ማሳ ላይ እንኳ ረግረጉና ድንጋያማው እኩል እንደማይሰጡ ያውቃል። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው የቫሪያንስ ትንተና የተባለው ዘዴ መልሱን የሚፈልገው ሁለት ልዩነቶችን በማመዛዘን ነው። አንደኛው በቡድኖቹ አማካዮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁለተኛው በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ከቀን ወደ ቀን የሚታየው ልዩነት ነው። የመጀመሪያው ከሁለተኛው እጅግ ካልበለጠ፣ አማካዮቹ የተለያዩት እንዲሁ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

ስሌቱን በሰሌዳው ላይ እንከተለው። የሁሉም ግጥሚያዎች አማካይ 250 ነው። ሐይቅ በ50 ይበልጠዋል፣ ውጫሌ እኩል ነው፣ ደጋው በ50 ያንሳል። ልዩነቶቹን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተን፣ ደምረን፣ በአራቱ ግጥሚያ ስናበዛው 20,000 ይመጣል። ቡድኖቹ ሦስት ስለ ሆኑ ከሦስት አንድ ቀንሰን ለ2 እናካፍለዋለን፤ 10,000 ይሆናል። ቀጥለን በየሜዳው ውስጥ እያንዳንዱ ግጥሚያ ከሜዳው አማካይ የራቀበትን መጠን በራሱ እናባዛለን። ከሐይቅ 156,000፣ ከውጫሌ 1,000፣ ከደጋው 1,000፣ በጠቅላላው 158,000 ይገኛል። ከ12 ግጥሚያ ሦስት አማካይ ስላወጣን ለ9 ስናካፍለው 17,556 ያህል ይሆናል። 10,000 ለ17,556 ሲካፈል 0.57 ነው። ይህ ውድር ኤፍ ይባላል፤ ፊደሉን ለፊሸር ክብር የሰጠው አሜሪካዊው ስኔዴኮር ነው። በሰንጠረዡ መሠረት ለ2 እና ለ9 በመቶ አምስት ወሰን ላይ ኤፍ ከ4.26 መብለጥ ነበረበት። የእኛ አንድ እንኳ አልሞላም።

እንግዲህ ሦስቱን አማካዮች ሳንነካ ሌላ ታሪክ እናስብ። በሐይቅ የተገኘው ተመልካች 310፣ 290፣ 320 እና 280 ቢሆን ኖሮ አማካዩ ያው 300 ነው። የሜዳዎቹ ደረጃ ያው ነው። የውስጡ ልዩነት ግን በጠቅላላው 3,000 ብቻ ስለሚሆን ለ9 ሲካፈል 333 ያህል ይመጣል፤ ኤፍም 30 ይሆናል! ሁለቱም ታሪክ በማመልከቻችን ላይ ቢጻፍ «300፣ 250፣ 200» ተብሎ በአንድ ዓይነት ቀለም ይጻፍ ነበር። የውጫሌ ልጆች በዚህ ላይ አንድ ነገር አስታወሱን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በቀያቸው የተፈረመው ውል አንድ ሆኖ ሳለ፣ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላል» ሲል በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ነበር። ያስከተለውን ሁላችን እናውቃለን። ላይ ላዩን አንድ የሚመስል ነገር ከሥሩ ሁለት ሊሆን እንደሚችል የውጫሌ ሰው ከማንም በፊት ማወቅ ነበረበት ብለን ተሳስቀናል።

ከጓዶቻችን አንዱ «ለምን ሁለት ሁለቱን እያወዳደርን አንጨርስም?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሦስት ሜዳ ሦስት ጥንድ አለው። በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ ከመቶ አምስት ጊዜ በሐሰት «ልዩነት አለ» የማለት አደጋ ብንቀበል፣ ጥንዶቹ አንዱ ከሌላው ነፃ ናቸው ብለን ስንገምት ከሦስቱ ቢያንስ በአንዱ የመሳሳቱ አደጋ ከመቶ 14 ይደርሳል። ሜዳዎቹ ስድስት ቢሆኑ ጥንዶቹ 15 ናቸው፤ አደጋውም ከግማሽ ያልፋል። ብዙ ጊዜ የጠየቀ ሰው የሚፈልገውን መልስ አንድ ቀን ማግኘቱ አይቀርም። የቫሪያንስ ትንተና በመጀመሪያ ሁሉንም በአንድ ጥያቄ የሚይዘው ስለዚህ ነው።

መምህሮቻችን ሊነቅፉን እንደሚችሉ የምናውቀው አንድ ነገር አለ። የቫሪያንስ ትንተና በየቡድኑ ውስጥ ያለው ልዩነት ተቀራራቢ እንዲሆን ይጠይቃል፤ በእኛ ምሳሌ ግን የሐይቁ ከሌሎቹ 156 እጥፍ ነው። ነቀፌታው ትክክል ነው። ለእንዲህ ያለው ክሩስካልና ዋሊስ የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጡት ሌላ መንገድ አለ፤ ቍጥሩን ትቶ ተራውን መውሰድ ነው። አሥራ ሁለቱን ግጥሚያዎች ከትንሹ እስከ ትልቁ አሰልፈን ከ1 እስከ 12 ተራ ብንሰጣቸው፣ 640 የሚያገኘው 12ኛነትን ብቻ ነው፤ 6,400 ቢሆንም ያው 12ኛ ነው። የተራው አማካይ ሲወጣ ውጫሌ 9.5፣ ሐይቅ 5.5፣ ደጋው 4.5 ሆነ። አሁን ደግሞ ውጫሌ አንደኛ! የውጫሌ ልጆች ግን ቶሎ አይደሰቱ፤ የፈተናው ውጤት 4.3 ያህል ሲሆን ለማስረጃነት 5.7 ያህል ያስፈልግ ነበር።

«እንግዲያው ሦስቱም ሜዳዎች እኩል ናቸው» የሚል ካለ እርሱም ተሳስቷል። አልተረጋገጠም ማለት የለም ማለት አይደለም። በአራት ግጥሚያ የማይታይ ልዩነት በሃያ ግጥሚያ ሊታይ ይችላል። እንዲሁም ጥያቄያችን «በጠቅላላው ስንት ሰው ኳስ አየ?» የሚል ቢሆን ኖሮ 640ዎቹ ሰዎች ሰዎች ናቸውና ከቍጥር አይወጡም ነበር። ስለ ሕዝብ ፍቅር ስንጠይቅ ነው ነገሩ የሚከብደው።

ከስሌቱ ይልቅ ያከራከረን ግን የቀኑ ጉዳይ ነው። ሐይቅና ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ናቸው፤ መኪና የሚጠብቅ መንገደኛ ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ሜዳ ዳር ይቆማል። በደጋው ሜዳ የሚቆመው ግን ለኳሱ ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው ብቻ ነው። የገበያ ቀንም አለ። ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሰላት አለ፤ እሑድ ጧት ቅዳሴ አለ፤ በእኛ አገር እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቡድን ስለሚጫወቱ የአንዱ መቅረት ለሌላውም ግጥሚያውን ያጐድልበታል። በነሐሴ ፍልሰታ ይገባል። ረመዳን በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ አንዳንድ ዘመን ከክረምቱ ዕረፍት ጋር ይገጥማል። በዚህ ሁሉ ላይ ዝናቡ፤ ደጋው በጭጋግ ሲሸፈን እንኳን ተመልካቹ በረኛውም አይታይም። አንዱ ሜዳ በገበያ ቀን፣ ሌላው በጾም ሰሞን ተጫውቶ አማካያቸው ቢነጻጸር የምንለካው ሜዳውን ነው ወይስ ቀኑን? ፊሸር ለእርሻው የመከረው እዚህም ይሠራል። ተመሳሳይ የሆኑትን ቀኖች በአንድ ወገን ማሰለፍ፣ በእያንዳንዱ ወገን ሦስቱም ሜዳዎች እኩል ጊዜ እንዲጫወቱ ማድረግ፣ የትኛው በየትኛው ቀን እንደሚጫወት ደግሞ በዕጣ መወሰን። ከዚያ በኋላ ከቀኑ የመጣውን ልዩነት ለብቻው አውጥቶ ከሜዳው የመጣውን ማየት ይቻላል። የዋንጫው ዕለት ከሌሎቹ ጋር አይደመር።

ስለ ቈጠራውም አንድ ቃል። ኢትዮጵያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የተመልካቹ መግቢያ በር ነበረው። የእኛ ሜዳዎች ግን አጥርም ቲኬትም የላቸውም። እስካሁን «ቈጠርን» የምንለው አንድ ሰው ከጉብታ ላይ ቆሞ «ሦስት መቶ ይሆናል» ያለውን ነው፤ ያ ሰው የሜዳው ልጅ ከሆነ ደግሞ ሦስት መቶው አራት መቶ ለመሆን ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ለመጪው ክረምት የተስማማነው በእያንዳንዱ ሜዳ ሁለት ሁለት ቈጣሪዎች እንዲቆሙ፣ ሁለቱም ከሌላ ሜዳ እንዲመጡ፣ በዕረፍቱ ሰዓት ሳይነጋገሩ ቈጥረው ለየብቻ እንዲጽፉ ነው።

ያች ሐረግ ከማመልከቻው ወጥታለች፤ ማመልከቻውም እስከ መስከረም ይቈያል። የደጋው ጓዳችን ተመልሶ ከእኛ ጋር ነው፤ ይህን የመጨረሻውን የቈጠራ ሐሳብም ያመጣው እርሱ ነው። ስድስት ቈጣሪዎች ያስፈልጉናል፤ እስካሁን ያገኘነው አራት ነው። ከሐይቅም ከአምባሰልም ያልሆነ፣ መንገድ መሄድ የማይሰለቸው ጓድ ካለ ከዚህ ስብሰባ በኋላ በበሩ አጠገብ ይጠብቀን፤ የመኪናውን ዋጋ ከመዋጮው እንችላለን፤ የደጋውን ዳገት ግን በእግሩ ነው።