ድርቆሽ በመረብ፦ ለጋማ ከብቶቻችን የሚበጅ የአመጋገብ ዘዴ

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተሰጠ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምናገርበት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ ጤና ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል፤ ስለ ፈረስ ግርግም ግን እምብዛም አንነጋገርም። ይሁን እንጂ በየአጥቢያችን ስንት ቤተሰብ በጋሪ ፈረስ፣ በጭነት አህያና በበቅሎ ጀርባ እንደሚተዳደር ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ወደ ወፍጮ የሚሄደው እህል፣ ከምንጭ የሚመጣው ውኃ፣ ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን የሚጓጓዘው ድንጋይና አሸዋ በእነርሱ ይመጣል። የጋሪው ፈረስ ታሞ የተኛበት ቀን የባለቤቱ ልጆች እንጀራ የሚጎድልበት ቀን ነው። ስለዚህ ነገሩ የፈረስ ቢመስልም የምእመናን ጉዳይ ነው።

የማቀርብላችሁ ሐሳብ አንድ ነው፤ እርሱም ድርቆሹን መሬት ላይ በመበተን ፈንታ ጠባብ ቀዳዳ ባለው መረብ ውስጥ አድርጎ ማቅረብ ነው።

ፈረስ እንደ በሬ አይበላም

በኦሪት ዘሌዋውያን የሚያመሰኩና የማያመሰኩ እንስሳት ተለይተው መነገራቸውን ታውቃላችሁ። ይህ ልዩነት በግርግም ዘንድም ትልቅ ትርጉም አለው። በሬ ያመሰኳል፤ ፈጥኖ ይግጥና ጥላ ሥር ተኝቶ የዋጠውን መልሶ ያኝካል። ገበሬያችን የከብት አያያዝን በአብዛኛው የለመደው በበሬው ስለሆነ ፈረሱንም በዚያው ልማድ ይይዘዋል፤ ጧት አንድ እቅፍ፣ ማታ አንድ እቅፍ ሰጥቶ ይበቃዋል ይላል።

ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ግን አያመሰኩም። ጨጓራቸው ከሰውነታቸው ግዝፈት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ የተፈጠረውም በጥቂት በጥቂቱ፣ ያለ ረጅም ዕረፍት ለሚገባ ሣር ነው። በመስክ የተለቀቀ ፈረስ ከ24 ሰዓት ውስጥ 16 ሰዓት ያህል ይግጣል። ጨጓራው ምግብ ኖረበትም አልኖረበትም አሲድ ማመንጨቱን አያቆምም። አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ ሲሆን፣ ፈረስ ምራቁን የሚያመነጨው በሚያኝክበት ጊዜ ነው። እንግዲህ የቀረበለትን ፈጥኖ ጨርሶ እስከ ንጋት ባዶ ግርግም ላይ የሚቆም ፈረስ፣ አሲዱ የጨጓራውን ግድግዳ እያቆሰለው ያድራል። ጦሙን ውሎ በድንገት ብዙ የሚበላ ከሆነ ደግሞ ለሆድ ቁርጠት ይጋለጣል። ፈረስ ማስታወክ ስለማይችል ቁርጠት ለእርሱ ቀላል ሕመም አይደለም። ጎኑን እየዞረ የሚመለከት፣ መሬት ላይ የሚንከባለል፣ መብላት ያቆመ ፈረስ ብታዩ ሳትዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም እንዲወሰድ አድርጉ።

በከተማ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ሌሊት ይግጥ ተብሎ የተለቀቀ የጋሪ ፈረስ ሣር ሲያጣ ወደ ቆሻሻ ክምር ይሄዳል፤ የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል ከነምግቡ ይውጣል። ፌስታሉ አንጀቱን ከዘጋው ፈረሱ ይሞታል፤ ባለቤቱም ከነጋሪው ባዶ እጁን ይቀራል።

መረቡ የሚሰጠው ጥቅም

የመረቡ የመጀመሪያ ጥቅም የመብያውን ጊዜ ማርዘም ነው። ፈረሱ በጠባቡ ቀዳዳ በኩል ጥቂት ጥቂት ሣር በከንፈሩ እየመዘዘ ስለሚበላ፣ ያው ድርቆሽ ብዙ ሰዓት ያቆየዋል። በአሜሪካ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ለክተውታል። እኩል መጠን ያለው ድርቆሽ መሬት ላይ ሲቀርብ ፈረሶቹ በአማካይ በ3.1 ሰዓት ጨረሱት። 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ባለው መረብ ሲቀርብ 3.4 ሰዓት፣ 4.4 ሴንቲ ሜትር ባለው 5.1 ሰዓት፣ 3.2 ሴንቲ ሜትር ባለው 6.5 ሰዓት ፈጀባቸው። ሰፊ ቀዳዳ ያለው መረብ ብዙም ለውጥ እንዳላመጣ ልብ በሉ፤ ቁም ነገሩ ከቀዳዳው መጥበብ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ብክነትን መቀነስ ነው። መሬት ላይ የተበተነ ድርቆሽ ይረገጣል፣ ሽንትና ፋንድያ ይነካዋል፣ በዝናብም ይበሰብሳል፤ ፈረስም የቆሸሸውን ትቶ ንጹሑን ይመርጣል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ትልልቅ ጥቅል ድርቆሾች ያለ መመገቢያ መሬት ላይ ሲቀመጡ 57 በመቶው ባክኗል፤ በመረብ ሲሸፈኑ የባከነው ግን 6 በመቶ ነው። የእኛ ፈረሶችም ድርቆሻችንም ከእነርሱ ይለያሉና ቁጥሩን እንዳለ ወደ ራሳችን አንወስደውም፤ የብክነቱ ምክንያት ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ከመጋቢት በኋላ፣ የሣር ዋጋ በሚወደድበት ጊዜ፣ ከእግር በታች የሚቀረው እያንዳንዱ እቅፍ ገንዘብ ነው።

መጠኑን አንቀንስ

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። በባለጸጋ አገሮች እንዲህ ያለው መረብ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ለወፈሩ ፈረሶች ነው። የእኛ የጋሪ ፈረስ ችግር ግን በአብዛኛው መክሳት ነው። ስለዚህ ማንም ሰው «መረብ ስላለኝ ግማሹ ይበቃዋል» እንዲል መፍቀድ የለብንም። መረቡ የሚያድነው የሚረገጠውን ሣር ነው፤ ለፈረሱ ሆድ የሚገባው መጠን ግን ሙሉ መሆን አለበት።

ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። 200 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ 4 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሥራ የሚበዛበት ፈረስ ከዚህ በላይ ይፈልጋል፤ ገብስ ወይም ፉርሽካም ሊጨመርለት ይገባል። እህሉና ፉርሽካው በመረብ ሳይሆን በዕቃ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተከፋፍሎ ይሰጥ። የጤፍ ጭድም አጭር ስለሆነ በመረቡ ቀዳዳ ይረግፋል፤ እርሱ በገንዳ ይቅረብ። ንጹሕ ውኃና ጨው ደግሞ ምንጊዜም የማይቀሩ ናቸው።

ጥርሱ ላለቀ ሽማግሌ ፈረስና እጅግ ለከሳ ፈረስ ጠባቡ መረብ አይመከርም። የከሳው እስኪያገግም ድርቆሹን በንጹሕ ገንዳ ወይም አራት ጣት በሚያስገባ ሰፊ መረብ ይብላ።

አሠራሩና አሰቃቀሉ

መረብ መሥራት ለአገራችን እንግዳ ሙያ አይደለም፤ በጣናና በሐዋሳ ሐይቆች ዙሪያ ዓሣ አጥማጆች ይሠሩታል፣ ይጠግኑታል። ለድርቆሽ የሚሆነው ከጠንካራ ሲባጎ ወይም ከቀጭን የናይለን ገመድ ይሠራል። የቀዳዳውን ስፋት እኩል ለማድረግ የሁለት ጣት ስፋት ያለው፣ ማለትም 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ እንጨት ይዘጋጅና እያንዳንዱ ቋጠሮ በእርሱ ላይ እየተለካ ይታሰር። አፉ ላይ የሚሳብ ገመድ ይግባበት። አንድ መረብ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ድርቆሽ ቢይዝ ለአንድ ሌሊት ምቹ ነው።

ሲሰቀል የሚከተሉትን እንጠብቅ፦

ሙሉ መረብ ሲታይ ከፍ ያለ ቢመስልም ባዶ ሲሆን ወደ ታች ይንዘለዘላል። ባዶው መረብ ከፈረሱ የፊት ጉልበት በላይ እንዲቀር ሆኖ ይታሰር፤ አለዚያ እግሩን ያስገባበትና ይሰበራል። ጫማ የተመታ ፈረስ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምር።

ከዓይኑ በላይም አይሰቀል፤ አቧራና ገለባ ዓይኑና አፍንጫው ውስጥ ይገባል። የፈረስ ተፈጥሮ አንገቱን ዘንበል አድርጎ መብላት ነው።

ልጓሙ ሳይወልቅ በመረብ አይብላ፤ ብረቱ ከመረቡ ጋር ይያያዛል። ገመዱም በአንድ ጉተታ በሚፈታ ቋጠሮ ይታሰር።

የሻገተ ድርቆሽ በመረብም ሆነ ያለ መረብ አይሰጥ። አቧራ የበዛበትን ግን ውኃ ውስጥ ነክሮ ማቅረብ ይቻላል።

ፈረሱ እስኪለምድ ግማሹ ድርቆሽ በመረብ፣ ግማሹ በገንዳ ይቅረብለት። በየሳምንቱም መረቡ ይፈተሽ፤ የተበጠሰው ይቋጠር።

የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

ሕዝባችን ፈረስን ያከብራል። ነገሥታቱን እንኳ በፈረሳቸው ስም ጠርቷል፤ ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው ብሏል። ይህ ክብር ግን በበዓል ቀን በሚታሰረው ጌጥ ብቻ መታየት የለበትም። የዕለት ጉርሱ ላይም ይታይ ዘንድ ሰበካ ጉባኤያት ሦስት ነገር ማድረግ ይችላሉ።

አንደኛ፣ ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የጋማ ከብት ማሰሪያ ቦታ ማዘጋጀት። በዐቢይ ጾም ጧት የመጣች በቅሎ ቅዳሴው እስኪፈጸም፣ ብዙ ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዛፍ ሥር ታስራ ትውላለች። ጾሙ የእኛ ነው፤ የበቅሎዋ አይደለም። በነነዌ እንስሳት ጭምር መጾማቸውን የሚያስታውሰኝ አባት ሊኖር ይችላል፤ ያ ግን መቅሠፍት በቀረበበት ሰዓት የታወጀ የንስሐ ጾም ነበር። ዘወትር ለምታገለግለን በቅሎ አግዳሚ እንጨት፣ ጥላ፣ የውኃ ገንዳና ጥቂት መረብ ማዘጋጀት ከአጥቢያ አቅም በላይ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የቤተ ክርስቲያንን ሣር በወቅቱ ማጨድ። በብዙ አጥቢያ ሣሩ ቆሞ ከደረቀና ከገረጣ በኋላ ይታጨዳል፤ ያን ጊዜ ጥቅሙ ግንድ ብቻ ይሆናል። ማበብ ሲጀምር፣ ዝናቡ እንዳባራ ቢታጨድና ጥላ ባለበት ቢከመር ገንቢነቱ ይጠበቃል። ሲሸጥም በአጥቢያው ለሚኖሩ ባለ ጋሪዎች ቅድሚያ ይሰጥ።

ሦስተኛ፣ መረቡን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እንዲሠሩት ማሠልጠን። ለወጣቶቹ መጠነኛ ገቢ፣ ለባለ ጋሪው በአቅራቢያው የሚገኝ ዕቃ ይሆናል።

ይህን ሁሉ በእኔ ቃል ብቻ እንድትቀበሉ አልጠይቅም። በየአጥቢያችሁ ፈቃደኛ የሆኑ ሦስት ወይም አራት ባለ ጋሪዎችን ምረጡ። ለአንድ ሳምንት ድርቆሹ እንደ ልማዱ መሬት ላይ ይሰጥ፤ በማግስቱ የተረገጠው ተሰብስቦ ይመዘን። በቀጣዩ ሳምንት ያው መጠን በመረብ ይሰጥና የወደቀው ይመዘን። ፈረሱ ስንት ሰዓት ሲበላ እንዳመሸም ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ከእኔ ይልቅ የባለ ጋሪው ምስክርነት ጎረቤቱን ያሳምናል። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው ነው።

የኦሪት ሕግ እህል በሚያበራየው በሬ አፍ ላይ ማሰሪያ እንዳይደረግ አዝዟል። የሚደክም እንስሳ ከድካሙ እንዲበላ መፍቀድ ከጥንት የተሰጠን ትእዛዝ ነው። አባቶቻችን ካህናት ይህን በዐውደ ምሕረት ቢያስተምሩት፣ ሰበካ ጉባኤውም በአንድ ማሰሪያ እንጨትና በጥቂት መረብ ቢጀምረው፣ የምእመናን እንጀራ ከመንገድ እንዳይቀር እናግዛለን።



ወስብሐት ለእግዚአብሔር።