ካሳውን ጎሳ ይከፍላል፣ ጾሙን ማን ይጾማል?

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ከጅግጅጋ ወደ ቶጎጫሌ የሚወስደው አስፋልት ሜዳ ላይ የተዘረጋ ነው፤ ሜዳነቱም ለፍጥነት ይጋብዛል። ጫት የጫነው ገበያው ሳያልፍበት፣ ነጋዴው ጉምሩክ ሳይዘጋበት ለመድረስ ይከንፋሉ። በዚያው መንገድ ግን እረኛው ግመሎቹን ያሻግራል፤ ሕፃናትም ወደ መድረሳ ይሄዳሉ።

አደጋ ደርሶ ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌዎቻችን ይቀመጣሉ። የአሽከርካሪው ጎሳ አዋጥቶ «መግ»ን፣ ማለትም የደም ካሳውን ይከፍላል። ይህ ቂምን የሚያበርድ መልካም ልማድ ነው። በስህተት ለጠፋ ነፍስ ዲያውን ዘመድ እንዲሸከም የፊቂህ ሊቃውንትም ደንግገዋል። ችግሩ፣ ካሳው ከተከፈለ ጉዳዩ ሁሉ አበቃ ብለን ማሰባችን ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ 92ኛ አንቀጽ በስህተት ነፍስ ባጠፋ ሰው ላይ ከካሳው ሌላ ከፋራ ደንግጓል። ይኸውም ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ያላገኘም ሁለት ተከታታይ ወር መጾም ነው። የሟች ቤተሰብ ካሳውን ይቅር ሊል ይችላል፤ ጎሳም ግመሉን ሊያዋጣ ይችላል። ሁለቱን ወር ግን ማንም አይጾምለትም። ደግሞስ የፍጥነት መለኪያውን እያየ የከነፈ ሰው፣ ነገ በአላህ ፊት «ሳላስበው ነው» ሊል ይችላልን?

የአገራችን ሕግም በእርቅ ብቻ አይመለስም። በ1996 ዓ.ል. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543፣ የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሾፌር በቸልተኝነት ቢገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት እንዲቀጣ ያዛል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከገደለ ወይም ግልጽ ደንብ ጥሶ ከሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

ወላጆች ሆይ! «ልጅ ነው» በማለት አንዘናጋ። ዕድሜው 18 ያልሞላ መንጃ ፈቃድ አይሰጠውም። በወንጀል ሕጉ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ በልዩ እርምጃዎች ይታረማል፤ 15 ዓመት ያለፈው ግን በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል። በምንከተለው የሻፊዒ መዝሀብም 15 ዓመት የሞላው ልጅ ሌላ ምልክት ባይታይበት እንኳ ባሊግ ነው፤ ሥራው ይጻፍበታል። ቁልፉን የሰጠው አባትስ? ፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2124 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባቱን ተጠያቂ ያደርገዋል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን እረኞች መሆናችንን፣ ስለ መንጋችንም እንደምንጠየቅ አስተምረውናል።

ስለዚህ ነጋዴዎች ሾፌሩን አናጣድፈው። ተሳፋሪዎች «ወንድም፣ ቀስ በል» ከማለት አንፈር። ሽማግሌዎቻችንም መግ ሲያስማሙ «ከፋራህንስ?» ብለው ይጠይቁት።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ይመልስልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።