ማኅተሙ የማን ኪስ ውስጥ ነው?

ዛሬ በተለይ እዚህ አቃቂ ቃሊቲ ድርጅት ለምታስተዳድሩ፣ ጋራዥ ለከፈታችሁ፣ ፋብሪካ ውስጥ ፈረቃ ለምትመሩ ወገኖች እናገራለሁ። ዘጸአት 18ን ክፈቱ።

ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ ይፈርዳል፤ ሕዝቡ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። አማቱ ዮቶር ይህን አየና ሁላችሁም ልትደክሙ ነው አለው። የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች እንዲሾም መከረው። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን። ዮቶር ግን ከዚያ በፊት ሕጉንና የሚሠሩትን ሥራ አስተምራቸው ብሎት ነበር። ማስተማሩ ይቀድማል።

እስቲ ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ቃሊቲ ያለ አንድ የብረት ሥራ ቤት አስብ። ሥራ አስኪያጁ ጉምሩክ ሄዷል። ማኅተሙ ኪሱ ውስጥ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ መኪናው ውስጥ ነው። የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ሲደወልለት «እስክመጣ ጠብቁ!» ይላል። ማታ ደግሞ ለሚስቱ «እኔ ከሌለሁ እኮ ምንም አይሠራም» ብሎ ያወራል፣ እንደ ሙገሳ! ወንድሜ፣ ይህ ምን ሙገሳ አለው?

«ሰው አይታመንም» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ እምነት የሚያጎድል አለ። ስለዚህ በትንሹ ጀምር። ለግዢ የሚሆን ጥቂት ብር ስጠው፣ ደረሰኙን ተቀበለው፣ በሳምንቱ መጋዘኑን አብራችሁ ቁጠሩ። ቼኩ ላይ ሁለት ፊርማ ይሁን። ሁለት ፊርማ ስድብ አይደለም፤ አንተንም እሱንም ከሐሜት ይጠብቃል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድን ተመልከቱ። አቶ ግርማ ዋቄ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ታዘዘ። የመጀመሪያው አውሮፕላን የደረሰው በ2012 ነው። ያን ጊዜ በወንበሩ ላይ የነበሩት አቶ ተወልደ ገብረ ማርያም ናቸው፤ በዚያው ቤት ከታች ተነሥተው ያደጉ ሰው። አዛዡ ሌላ፣ ተረካቢው ሌላ፤ ሥራው ግን አልቆመም። ይህ ቤት አብራሪውንና ቴክኒሻኑን በራሱ ትምህርት ቤት የሚያሠለጥን ቤት መሆኑንም አትርሱ።

ሙሴም ዮርዳኖስን አልተሻገረም። ነገር ግን በሕይወት ሳለ፣ በማኅበሩ ሁሉ ፊት፣ በኢያሱ ላይ እጁን ጫነ (ዘኍልቍ 27)። በጓዳ አይደለም፣ ሰው እያየ ነው። ሠራተኛው አለቃው ማን እንደሆነ ካልሰማ ለማን ይታዘዛል? ሃያ ዓመት «የወጣቶች መሪ» የሆንከው ወንድሜ፣ ይህ አንተንም ይመለከታል!

እኅቴ፣ ወንድሜ፣ ነገ ብትታመሙ የዚህን ወር ደመወዝ ማን ይፈርማል? በዚያ ደመወዝ የቤት ኪራይ የሚከፍሉ፣ ልጅ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። አንድ ስም ከመጣላችሁ ሰኞ ጧት ጠርታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ ደመወዙ እንዴት እንደሚሠራ ከአንድ ጀምራችሁ አሳዩት። ካልመጣላችሁ ዛሬ ማታ ተንበርከኩና ሠራተኞቻችሁን አንድ በአንድ፣ በስማቸው፣ በጌታ ፊት ጥሩ።