«ግዶላርና» ከየት መጣ?



አምና በላክንላችሁ ሪፖርት ላይ «የወረዳው ግዶላርና ጽሕፈት ቤት» የሚል አንብባችሁ ግራ የገባችሁ አላችሁ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ሂሳቡን ወደ ዶላር ካሰላን በኋላ፣ ኮምፒውተሩ «ብር»ን ሁሉ በ«ዶላር» እንዲተካ አዘዝነው። ታዘዘ። «ግብርና» ውስጥ ያለችውንም ብር አልማራትም፤ ክብርት ሰብሳቢያችን እንኳ «ክዶላርት» ሆኑ። «ሙሉ ቃል ብቻ ፈልግ» ስንለው ደግሞ «በብር» እና «ብሩን» ቀሩ፤ አማርኛችን ቃሉን ከፊትም ከኋላም ያስረዝመዋልና።

ይህ ያስቃል። ቀጥሎ ያለው ግን አላሳቀንም። አንዲት እናት የብድር ክፍያቸውን ጨርሰው ሳለ «ስምዎ የለም» ተባሉ። እሳቸው ፀሐይ ናቸው፤ መዝገቡ ላይ «ጸሃይ» ተብለው ተጽፈዋል። ለጆሯችን አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሃ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ናቸው። እናታችን ደረሰኛቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ባያሳዩን ኖሮ እዳ ልንጭንባቸው ነበር። በዚህ አጋጣሚ በድጋሚ ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።

ዞናችን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ሲሆን የደንባችንን የክልል ስም ስንቀይርም እንዲሁ ገጠመን፤ «ሕዝቦች» ሲተካ «ህዝቦች» ቀረ። የገዛ ዞናችንም አንድ ገጽ ላይ ጌዴኦ፣ ሌላው ላይ ጌዲኦ ነው።

አሁን «ሁሉንም ተካ» የሚለውን አንነካም፤ አንድ በአንድ እያየን እንቀይራለን። ለእያንዳንዷ አባልም ቁጥር ሰጥተናል። ቁጥራችሁን ያልወሰዳችሁ፣ እባካችሁ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ዲላ ቢሯችን ብቅ በሉ።