አንድ የዴራ አንባቢና ሦስት ልብ ወለዶች
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ አማርኛ ልብ ወለድ በጉባኤ በተነገረ ቁጥር የሚደመጠው የሐያስያን ድምፅ ነው። መጽሐፉን በገንዘቡ ገዝቶ ወይም ከወዳጁ ተውሶ የሚያነበው ሰው ምን እንደ ተሰማው የሚጠይቀው ብዙ የለም። ስለሆነም የዛሬው ንግግር ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዴራ የሚኖሩ አንድ የእህል ነጋዴ፣ በቅርቡ ስላነበቧቸው ሦስት ልብ ወለዶች የሰጡትን አስተያየት ይመለከታል።

አስቀድመው ያነበቡት በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚያስታውሰው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ነው፤ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ያዳመጠው ትውልድም ያዘነው ለእነርሱ ነው። የዴራው አንባቢ ልብ የቀረው ግን ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ባመጹበት ክፍል ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ አባታቸው የአርሲ ጭሰኛ ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ካዱ እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ባስፋፋበት ወቅት፣ መሬቱ ትርፍ ማስገኘቱን ያዩ ባለመሬቶች በትራክተር ማረስን መርጠው ብዙ ጭሰኞችን አፈናቅለዋል። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ይህ ስጋት ከየጭሰኛው ጎጆ አልጠፋም። እንግዲህ ለእኚህ ሰው መጽሐፉ የፍቅር ታሪክ ከመሆኑ በፊት የጌታና የገበሬ ሙግት ነው። የጎጃም ባለርስት ገበሬና የአርሲ ጭሰኛ በይዞታ እንደማይመሳሰሉ ጠቅሶ ሐያሲ ሊያርማቸው ይችላል፤ እርማቱም ትክክል ነው። ሆኖም አባቱ በጌታ ደጃፍ ቆሞ ሲለምን ያየ ልጅ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ የሚያውቀውን እርማቱ አይነካበትም።

የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ሁለት ጊዜ ጀምረው ትተውታል። ቃላቱ ከበዷቸው። በሦስተኛው ሲጨርሱት «ልጁ ይናገራል እንጂ አያዳምጥም፤ የአገሬው ሰዎች ግን እውነተኛ ናቸው» አሉ። ስለዚህ መጽሐፍ ከተጻፉት ረጃጅም ሐተታዎች አንዳንዶቹ ከዚህ የበለጠ አልተናገሩም።

በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበውን የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በሁለት ሌሊት ፈጽመውታል። ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ ወጥቶ አለመመለሱን የሚያውቅ አንባቢ መጽሐፉን ለመንቀፍ ይከብደዋል፤ ኀዘኑና ፍርዱ ይደባለቁበታል። እኚህ ሰው ለይተው አይተዋቸዋል። የቀይ ኮከብ ዘመቻ ዝግጅት የተገለጸበትን ክፍል አድንቀው፣ ጋዜጠኛውን ፀጋዬን ግን ነቅፈዋል። እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ አሥመራ ላይ በፊያሜታ ፍቅር ሲወድቅ፣ ለሮማን ያዘነላት የለም ይላሉ። ሴት ልጆች ያሏቸው አባት ናቸው።

ከሦስቱ የትኛውን እንደገና እንደሚያነቡ ሲጠየቁ የመረጡት ያማረሩበትን «አደፍርስ»ን ነው። ያልገቧቸው ገጾች ቀርተዋቸዋል።