እንቅስቃሴም ልክ አለው

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከመጠን በላይ የወፈረና ከእንቅስቃሴ ከራቀ ብዙ ዘመን ያለፈው ሰው እንቅስቃሴን እንዴት ይጀምር የሚል ነው። ርእሱ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ በየምርመራ ክፍላችን በቀን ብዙ ጊዜ የምናነሣው ጉዳይ ነውና። ግፊት ላለበት፣ ስኳር ለተገኘበት፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሁሉ «ስፖርት ይሥሩ፤ ክብደትም ይቀንሱ» እንላለን። ታካሚውም «እሺ» ብሎ ይወጣል። ከሦስት ወር በኋላ ሲመለስ ክብደቱ እዚያው ነው፤ እኛም ምክራችንን አልሰማም ብለን እንፈርዳለን።

ለመሆኑ መድኃኒትን እንዲህ አድርገን እናዝዛለን ወይ? የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድና ምን ምልክት ሲታይ እንደሚቆም ሳይገልጽ «የግፊት መድኃኒት ይውሰዱ» ብሎ ታካሚን የሚያሰናብት ባለሙያ ቢገኝ ሁላችንም እንወቅሰው ነበር። እንቅስቃሴን ግን በዚህ ዓይነት ስናዝዝ የሚወቅሰን የለም። እኔ ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም እንቅስቃሴ እንደ መድኃኒት ሁሉ ልክ ያለው መሆኑን፣ ልኩም የሚቀዳው ከታካሚው አቅም እንጂ ስለ ስፖርት እኛ ካለን አሳብ አለመሆኑን ነው።

የጠፋ አቅም ይመለሳልን?

በጣም የወፈረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከእንግዲህ ወዲያ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚሰጡት ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ አገር በዳላስ ከተማ የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 አምስት የ20 ዓመት ጤነኛ ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ያህል ከአልጋ ሳይወርዱ እንዲቆዩ ተደረገ። በነዚያ ሦስት ሳምንታት ሰውነታቸው በከፍተኛ ሥራ ጊዜ ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክሲጅን መጠን ከሩብ በላይ ቀነሰ።

ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው አምስት ሰዎች እንደገና ተመረመሩ። አማካይ ክብደታቸው ከ77 ኪሎ ወደ 100 ኪሎ፣ በሰውነታቸው ውስጥ ያለው የስብ ድርሻም ከመቶ 14 ወደ 28 ከፍ ብሎ ነበር። እጅግ የሚያስደንቀው ግን 30 ዓመት ዕድሜ ከአቅማቸው የወሰደው የሦስቱ ሳምንት መኝታ ከወሰደው ያነሰ ሆኖ መገኘቱ ነው። ከዚያም በርጋታ በሚጨምር የእግር ጉዞ፣ የሶምሶማና የብስክሌት ልምምድ ለስድስት ወራት ሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ዘገባ እንደተገለጸው፣ ዕድሜ የወሰደባቸውን ያንን አቅም መልሰው አገኙት። ክብደታቸው የቀነሰው ግን ጥቂት ብቻ ነበር።

እርግጥ ነው፤ አምስት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ እንደኛ ታካሚዎች ሕመም የተደራረበባቸውም አልነበሩም። ሆኖም ከዚህ ሁለት ቁም ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሰውነትን ከዕድሜ ይልቅ ሥራ መፍታት እንደሚጎዳው፤ ሁለተኛ፣ ሚዛኑ ብዙም ሳይንቀሳቀስ ልብና ጡንቻ ሊታደሱ እንደሚችሉ ነው።

ሚዛን ብቻውን አይመሰክርም

ይህ ሁለተኛው ነጥብ ትንሽ ማብራሪያ ይሻል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄረሚ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች አነጻጽረው ነበር። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ ደግሞ በየቀኑ ብዙ መቶ ደረጃዎችን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የልብ ደም ሥሮች በሽታ በሾፌሮቹ ላይ በዝቶ ተገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ ሲመረምሩ የሾፌሮቹ ሱሪ ወገብ ሰፋ ያለ መሆኑን አዩ። ታዲያ ልዩነቱ የመጣው ከውፍረት ብቻ ነው እንዳይባል፣ በድንገተኛ የልብ ሞት ረገድ ቀጭኑም፣ መካከለኛውም፣ ወፍራሙም ትኬት ቆራጭ ከየአቻው ሾፌር የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

በዚሁ ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመውን የአሜሪካኖች የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት እንጨምር። ለበሽታው የተቃረቡ 3,234 ሰዎች ተካፍለውበታል፤ አብዛኞቹም ወፍራሞች ነበሩ። ለአንደኛው ቡድን የተሰጠው ግብ ከክብደቱ ከመቶ 7 እጅ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። በዚህ ቡድን ውስጥ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድል ከመቶ 58 እጅ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን በተሰጠው ቡድን ግን የቀነሰው ከመቶ 31 እጅ ነው። የመጀመሪያው ቡድን በአማካይ የቀነሰው ክብደት 5.6 ኪሎ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። በአማካይ ብዙም አልቀጠኑም፤ ግን ብዙዎች ከበሽታ ዳኑ።

እንግዲህ ለታካሚው «ስፖርት ሠርተህ ቅጠን» ስንለው ሁለት ጊዜ እናሳስተዋለን። እንቅስቃሴ ብቻውን፣ አመጋገብ ሳይስተካከል፣ ክብደትን ብዙ አይቀንስም። ስለዚህ ታካሚው ከአንድ ወር ልፋት በኋላ ሚዛን ላይ ቆሞ ለውጥ ሲያጣ ሁሉንም ይተወዋል፤ በሌላ በኩል በልቡ፣ በደም ሥሩና በእንቅልፉ ላይ የመጣውን ጥቅም ሳያውቀው ይቀራል።

ለማን እርምጃ፣ ለማን ሩጫ?

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። አንዲት የ48 ዓመት ወይዘሮ በአሳባችን እንሣል። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ60፣ ክብደታቸው 105 ኪሎ ነው። ክብደቱ ለቁመቱ ካሬ ሲካፈል 41 ይሆናል፤ ይኸውም ከ40 በላይ ስለሆነ በከፍተኛው የውፍረት ደረጃ ውስጥ ይመደባል። ውለው የሚያመሹት በሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው ነው።

በዕረፍት ላይ ያለ ሰው ለአንድ ኪሎ ክብደቱ በደቂቃ 3.5 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክሲጅን ይጠቀማል ተብሎ ይታሰባል። ይህን አንድ ልክ እንበለው። በደልዳላ መንገድ ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር መራመድ ሦስት ልክ ተኩል ያህል ይጠይቃል። የሠለጠነ ወጣት እስከ 12 ልክ ድረስ ሊደርስ ስለሚችል ይህ እርምጃ ለእሱ ከአቅሙ ከመቶ 30 እጅ እንኳ አይሞላም። የወይዘሮዋ ከፍተኛ አቅም ግን አምስት ልክ ብቻ ነው ብንል፣ ያው እርምጃ ከአቅማቸው ከመቶ 70 እጅ ይወስዳል። ለወጣቱ ሽርሽር የሆነው መንገድ ለእሳቸው ሩጫ ነው ማለት ነው። ዳገት ሲመጣበት ደግሞ ይብሳል። አዲስ አበባን በመሰለ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ከተማ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ወደ ሩብ በሚጠጋ ስለሚያንስ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ቶሎ ነው።

እኛ የአበበ ቢቂላና የኃይሌ ገብረ ሥላሴ አገር ሰዎች ስለሆንን ስፖርት ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ሩጫ ነው። በማለዳ በመስቀል አደባባይ እርከኖች ላይ ሽቅብና ቁልቁል የሚሮጡትን ወጣቶች ያየ ታካሚ «ስፖርት ይሥሩ» ሲባል ያንኑ ያስባል። ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ፈጽሞ አይጀምርም፤ አለዚያም በመጀመሪያው ቀን ከአቅሙ በላይ ሠርቶ በጉልበት ሕመም አልጋ ላይ ይውላል። ሁለቱም ስንፍና አይደለም። የልክ ስሕተት ነው።

ማዘዣው

ለእንደነዚህ ያሉ ታካሚዎች የምመክረው ማዘዣ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያው ሳምንት በደልዳላ ሥፍራ፣ በጠዋት አምስት ደቂቃ፣ በማታ አምስት ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን መራመድ። ከዚያ በየሳምንቱ በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ አንድ ደቂቃ ብቻ መጨመር። ይህን የተከተለ ሰው በ11ኛው ሳምንት ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ይደርሳል፤ ይህም በሳምንት 150 ደቂቃ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች የወሰነው ዝቅተኛ የመካከለኛ እንቅስቃሴ መጠን ይኸው ነው። ያው መመሪያ እንቅስቃሴ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ካልቆየ አይቆጠርም የሚለውን የቀድሞ አሳብ ትቶታል፤ ስለዚህ አምስቱን ደቂቃ የሚንቅ ባለሙያ ማስረጃ የለውም። የታመመበት ወይም የከበደው ሳምንት ቢኖር ያንኑ ሳምንት ይደግማል እንጂ ወደ ዜሮ አይመለስም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?

ፍጥነቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ታካሚው እየተራመደ ከጎኑ ካለ ሰው ጋር መነጋገር ከቻለ ልኩ ትክክል ነው፤ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ያዝግም፤ መዝፈን ከቻለ ጥቂት ይፍጠን። ይህ መለኪያ በተለይ የልብ ምትን የሚቀንሱ የግፊት መድኃኒቶች ለሚወስዱ ሰዎች የደም ሥር ምት ከመቁጠር ይሻላል።

በሳምንት ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ይጨመር፤ ከጠንካራ ወንበር አምስት ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳን በሁለት እጅ እየገፉ መመለስ ለጅማሬ ይበቃል። ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሣት መቻል ለወፍራም ሰው ትልቅ ነጻነት ነው። ጉልበቱን ለሚያመው ደግሞ ይህን መንገር ያበረታል፦ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ባለባቸው ወፍራም አረጋውያን ዘንድ አንድ ኪሎ ክብደት ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ይቀንሳል። ሕመም ከጉዞ በኋላ ተሰምቶ በማግሥቱ ጠዋት ከቀድሞው ካልባሰ ይቀጥል፤ ከባሰ ደቂቃው ይቀነስ።

ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮችም ማዘዣው ውስጥ ይግቡ። ጫማው ሰፊና ሶሉ ወፍራም ይሁን። ጭን ከጭን ሲፋተግ ስለሚላጥ፣ ረዘም ያለ የውስጥ ሱሪ መልበስ እንደሚረዳ ይነገር። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በልብ ድካም ሳይሆን በዚህ ነው፤ አፍሮም አይነግረንም።

ከመጀመሩ በፊት

ጥንቃቄ የሚያሻቸው አሉ። ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚጨንቀው፣ ራሱን የሚስት፣ ዕረፍት ላይ ሆኖ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው አስቀድሞ ይመርመር። የደም ግፊቱ እጅግ ከፍ ያለ ሰው መጀመሪያ ግፊቱ ይስተካከል። በዚህ ላይ የራሳችንን መሣሪያ እንመርምር፤ በወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ የግፊት መለኪያ ጨርቅ ሲታሰር ንባቡ ከእውነተኛው በላይ ይሆናል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ እንዳይወርድበት፣ በተለይ በጾም ወራት ጉዞውን ከምግብ ሰዓቱ ጋር እንዲያስማማ፣ ጣፋጭ ነገርም በኪሱ እንዲይዝ ይመከር፤ እግሩንም በየዕለቱ ይመልከት። በጉዞ ላይ የደረት ሕመም ወይም ራስ ማዞር የተሰማው ሰው ወዲያው ይቁም፤ ወደ ሐኪም ቤትም ይሂድ።

የዓይንና የአንደበት ጉዳይ

ባልደረቦቼ፣ በአገራችን «ወፈርክ» ማለት ለረጅም ዘመን «ተመቸህ» ማለት ነበር። ረሀብን ያየ ሕዝብ ሥጋን እንደ በረከት ቢቆጥር አይገርምም። ዛሬ በከተማ ያ ምስጋና ወደ ቀልድ ተለውጧል። ወፍራም ሰው በመንገድ ላይ ሲራመድ ልጆች ይጠሩታል፤ ትልልቆቹም ዞር ብለው ያዩታል። ስለዚህ «የት ልራመድ?» የሚለው ጥያቄ የሕክምና ጥያቄ ነው። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ቅጽር ግቢ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ የራስ ጊቢ ሳይቀር ለአምስት ደቂቃ ይበቃል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በአንዳንድ እሑዶች መንገዶችን ለእግረኛ የዘጋችበት «መንገድ ለሰው» የተባለው ዝግጅት ያሳየን ነገር አለ፤ ይኸውም ሰው ሥፍራ ካገኘ እንደሚራመድ ነው።

የመጀመሪያው ሥፍራ ግን የኛ ክፍል ነው። እጀታ በሌለው ሰፊ ወንበር ላይ ያልተቀመጠ፣ በሰው ፊት በሚዛን ላይ ቆሞ ኪሎው ጮክ ተብሎ የተነበበበት ሰው ምክራችንን የሚሰማበት ጆሮ አይኖረውም። ያችን ወይዘሮ «እትዬ፣ ቤትዎ አጠገብ ደልዳላ ቦታ የት አለ? ከነገ ጠዋት አምስት ደቂቃ ብቻ እንጀምር» ብሎ መጠየቅ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። በያንዳንዱ ታካሚ ካርድ ላይ፣ ከመድኃኒቱ ሥር፣ እንቅስቃሴው በደቂቃ፣ በቀንና በሳምንት ይጻፍ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ከሚዛኑ በፊት «ስንት ደቂቃ ደረሱ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም ይመዝገብ። ደቂቃው ከጨመረ፣ ኪሎው ባይቀንስም፣ ታካሚው ተሽሎታል ብለን በሙሉ አፍ እንንገረው። እውነት ነውና።